ዳንግላ ዓይን የላትም ወይ?

የአዲስ አበባን የሥዕል መክፈቻ ምሽት ያየ ሰው ወጉን ያውቀዋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በር ላይ የኤምባሲ ሰሌዳ የለጠፉ መኪኖች ይደረደራሉ። ውስጥ ነጭ ግድግዳ፣ ከላይ የሚያበራ መብራት፣ በየሰው እጅ የቀይ ወይን ብርጭቆ። ሠዓሊው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። ሁለት ዓመት ብቻውን የታገለበትን ሥራ ሰው በ20 ደቂቃ ዞሮ ሲጨርሰው ያያል። ከሥዕሎቹ አጠገብ ትንንሽ ካርዶች ተለጥፈዋል፤ ርዕሱ በእንግሊዝኛ፣ የቀለሙ ዓይነት በእንግሊዝኛ። ዋጋው ካርዱ ላይ አይጻፍም፤ እሱ በጆሮ የሚነገር ነገር ነው። ከዚያ ንግግር፣ ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ ፎቶ። በማግስቱ ጋዜጣው ላይ “አውደ ርዕዩ ተከፈተ” የሚል ሦስት መስመር ይወጣል። ከወር በኋላ ደግሞ “ተጠናቀቀ” የሚል። በመሀል ሥዕሉ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረን የለም።

ይህን የምጽፈው ለማላገጥ አይደለም። ባለሙያዎቹ “ሶሎ” የሚሉት የብቻ አውደ ርዕይ ለአንድ ሠዓሊ የሞት የሽረት ነገር ነው። በቡድን ትርኢት አንድ ሁለት ሸራ ሰቅሎ ከሰው መሀል መደበቅ ይቻላል። ብቻ ሲቆም ግን መደበቂያ የለም። አንድ ሐሳብ ይዞ ሃያ ሸራ ድረስ መሄድ መቻሉ ወይም ሦስተኛው ላይ ትንፋሹ ማለቁ እዚያ ይታያል። አፈወርቅ ተክሌ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ ሥራቸውን ለብቻቸው ሲያሳዩ፣ አገሩ የሥዕል ትምህርት ቤት እንኳን አልነበረውም። አለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤቱን ያቆሙት ከዚያ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ብቻን ቆሞ መታየት ከትምህርት ቤቱም ይቀድማል ማለት ነው።

ጠቤ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ከተማ፣ እዚያም በሦስት አራት ሰፈር ብቻ መሆኑ ነው።

እኔ የምኖረው ዳንግላ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ ደብረ ማርቆስን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን አልፈው፣ ባሕር ዳር ሊገቡ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲቀርዎት የሚያገኟት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ሥዕል የለም አልልም። የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል አለ። ጸጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ አንገቱ ከትከሻው የሰፋ ጎረምሳ ተስሏል። ሥጋ ቤቱ በር ላይ የሳቀ በሬ አለ (የሚስቅበት ምክንያት ምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል)። ከሁሉ የበዛው ደግሞ ባነር ነው፤ የስብሰባ ባነር፣ የምረቃ ባነር፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ባነር። ይህ ሁሉ አለ። አንድ ሠዓሊ ሥራውን ደርድሮ “እኔ ዓለምን እንዲህ ነው ያየሁት፣ እናንተስ?” ብሎ ሲጠይቀን ግን እዚህ ከተማ አይቼ አላውቅም።

ምን ይጎድላችኋል ትሉኝ ይሆናል። አንድ ምሳሌ ላንሣ።

ሠዓሊ ታደሰ መስፍን የወልድያ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 ተወለዱ፤ በቀድሞዋ ሌኒንግራድ ተማሩ፤ ከዚያም በአለ ትምህርት ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተማሩ። ዛሬ ስማቸው ከሚጠራው ወጣት ሠዓሊዎች ብዙዎቹ በእጃቸው ያለፉ ናቸው። እኚህ ሰው “የሕይወት ምሰሶዎች” በሚል ተከታታይ ሥራ ዓመታት የቆዩት በምን ላይ መሰላችሁ? በጉልት ሴቶች ላይ። መሬት ላይ ትንሽ ነገር ዘርግተው ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀመጡ፣ ሚዛን የያዙ፣ ነጠላቸውን የተከናነቡ፣ ገዢ ይምጣ አይምጣ የማያውቁ ሴቶች። ታደሰ እነዚህን ሴቶች አስረዝመው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዓምድ አቁመው ነው የሣሏቸው። ማንም ዞር ብሎ የማያያትን ሴት አንድ ግድግዳ ሙሉ ሰጧት። እነዚህ ሥዕሎች በአዲስ አበባም በለንደንም ታይተዋል። ሠዓሊውን የሚያሳየው አዲስ ፋይን አርት የተባለው ጋለሪ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ፣ በ2021 ለንደን ላይ ሁለተኛ ቤት ከፍቷል። ጎበዝ! ደስ ይላል።

አሁን ወደ ዳንግላ ገበያ እንምጣ። ድንቹን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቅቤውን ይዛ ከገጠር በእግሯ የመጣችው እናት እዚያው ተቀምጣለች። የሎንዶን ሰው ፊቷን አይቶታል። እሷ አላየችውም። ሥዕሉ ፊቷ ቢሰቀል ደግሞ ከማንኛውም የፈረንጅ ሐያሲ የተሻለ የምትናገር እሷ ናት። “ሚዛን እንዲህ አይያዝም” ትላለች። “ይቺ ሴት ገና ጠዋት ነው፣ አልደከማትም” ትላለች። ወይም ዝም ብላ ታይና “እሱ ልጅ የእናቱን ገበያ ያውቃል” ብላ ትሄዳለች። ለሠዓሊው ከዚህ የበለጠ ፍርድ ከየት ይመጣል?

እንዳትሳሳቱብኝ፤ ታደሰን አልወቅስም። ሠዓሊ መብላት አለበት። ቀለምም ሸራም በአብዛኛው የውጭ ዕቃ ነው፤ ገዢ ያለበት ቦታ መሄድ ነውር አይደለም። ነውሩ የእኛ ነው። መልካችን ሲሄድ እያየን “መቼ ይመለሳል?” ብለን አለመጠየቃችን። ዳንግላ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ነገር አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን የተቀመጠው እዚሁ ነበር። ከዚህ እየተነሣ ጣናንና ዓባይን ዞረ፣ ለካ፣ ካርታ ሣለ፣ በ1936 ለንደን ላይ መጽሐፉን አሳተመ። አገራችንን ለማየት ለንደን መሄድ የጀመርነው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። እሱስ ባዕድ ነበር፤ አገሩ ላከው፣ ለአገሩ ጻፈ። የራሳችን ሠዓሊ የሠራውን ለማየትስ በዚያው በቺዝማን መንገድ መሄድ አለብን?

ይህን ነገር ባነሣሁ ቁጥር የሚመጣልኝ መልስ ያው ነው። “የገጠር ከተማ ሰው ዘመናዊ ሥዕል አይገባውም።” አንድ የባህል ሥራ ላይ ያለ ወዳጄም ይህንኑ ብሎኛል። “ጋሼ፣ ቅርጹ የማይታወቅ ነገር ሰቅለን ሰው ምን ይበለን?”

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ስድብ ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። አንድ የቆሎ ተማሪ ሁለት መስመር ሰምቶ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ግማሽ ቀን አንገቱን ደፍቶ ያስባል። አጠገቡ የተቀመጠው ገበሬ ግዕዙን ባያውቅም ነገር ከላይ እንደሚታየው ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። አማርኛ ሲናገር ራሱ በሁለት አፍ ነው የሚናገረው። ለዚህ ሰው ነው “ላይ ላዩን የማይታይ ትርጉም ያለው ነገር አይገባህም” የምንለው? መቅደሱን ዙሩ፤ የጣና ገዳማትን ግድግዳ እዩ። ሥዕሉ ከላይ እስከ ታች የተሞላ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ያንን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይተርኩላችኋል። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው በአንድ ዓይኑ እንደሚሣል የነገረኝ መምህር አይደለም፤ አያቴ ናት። እንዲህ ያለ የሥዕል ሕግ ከልጅነቱ የለመደን ሰው ዓይን የለውም ማለት፣ ተናጋሪው ራሱ ዓይን እንደሌለው ማስመስከር ነው።

“ረቂቅ ሥዕል የባዕድ ነው” የሚለውም ወቀሳ አርጅቷል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተምሮ በ1950ዎቹ ሥራዎቹን አዲስ አበባ ላይ ሲያሳይ ይኸው ተብሎበታል። ይህን ያለው የዳንግላ ገበሬ አልነበረም፤ የተማረው የከተማ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሸለመ፤ በኋላ ግን በስደት፣ ኦክላሆማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 ሞተ። በስሙ የተጠራው ሙዚየም ስድስት ኪሎ የተከፈተው ከጀርመን የተመለሱ ሥዕሎቹን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሰውየው ካለፈ ከ27 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እዚያም ቢሆን ሥዕሎቹ አዲስ አበባ ደረሱ እንጂ ከዓባይ ወዲህ አልተሻገሩም።

ቄስ አዳሙ ተስፋውንስ የሚያውቅ ስንት አለ? የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሥዕልን የተማሩት በቤተ ክርስቲያን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ ያለው ፋውለር ሙዚየም የእሳቸውን ሥራ ብቻ የያዘ ትልቅ አውደ ርዕይ አዘጋጀ፤ መጽሐፍም ታተመላቸው። ዛሬ ዳንግላ አስፋልት ዳር ቆማችሁ ስማቸውን ብትጠይቁ ስንት ሰው ይመልስላችኋል? የአርሴናልን ተጠባባቂ በረኛ ስም ግን ባጃጅ ነጂው ሁሉ ይነግራችኋል። ጥፋቱ የባጃጅ ነጂው አይደለም። አርሴናልን በየሳምንቱ እናሳየዋለን፤ ቄስ አዳሙን አላሳየነውም።

ሁለተኛው መልስ “ስልክ ላይ አለ አይደል” የሚል ነው። ልጆቹ ናቸው እንዲህ የሚሉኝ። እሺ፣ የኤልያስ ስሜን ሥራ ስልክ ላይ እንየው። ኤልያስ ከመርካቶ ምናለሽ ተራና ከመሰል ቦታዎች የሚሰበስበውን የኮምፒውተር አንጀት፣ የተጣለ ሽቦና ቁልፍ እየጠመዘዘ እየለጠፈ ብዙ ሜትር የሚረዝም ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። ስልክ ላይ ስታዩት ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ “ጥሩ ነው” ብላችሁ በአውራ ጣት ታሳልፉታላችሁ። ፊቱ ስትቆሙ ግን መጀመሪያ ማሳውን፣ ቀረብ ስትሉ ሽቦውን፣ ይበልጥ ስትጠጉ አንድ ሰው አንድ በአንድ የጠመዘዘውን የእጅ ሥራ ታያላችሁ። እዚያ ውስጥ የስንት ወር ድካም እንዳለ የሚገባችሁ ወደፊትና ወደኋላ እየሄዳችሁ ነው። ስልክ ወደኋላ አያስኬድም።

ይኸው ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ2024 ቬኒስ ላይ ከቢየናሌው ጎን ለጎን ሥራውን ለብቻው ሲያሳይ፣ የአውደ ርዕዩ ርዕስ ውስጥ “ፊት እና ጀርባ” የሚል አማርኛ ገብቶበት ነበር። አያችሁልኝ? ጣሊያን አገር አማርኛ ይለጠፋል፤ አዲስ አበባ ካርዱ እንግሊዝኛ ይሆናል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ በቬኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን አገኘች። ብቻውን የቆመበት ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው፤ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ እዚያው አለ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ጀርመን የተማረ። ቢየናሌው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። የአድዋ ዘማች ገና ስንቁን ሳይቋጥር የተጀመረ ትርኢት ላይ እኛ በ129 ዓመታችን ደረስን። ደረስን፤ እሰየው። ቬኒስ ለመድረስ 129 ዓመት ከፈጀ፣ ዳንግላ ለመድረስ ስንት ይፈጅ ይሆን?

ሦስተኛው መልስ ገንዘብ ነው፤ ማጓጓዣ፣ መድን፣ ጥበቃ። ይህኛው ቢያንስ መልስ የሚገባው ነገር ነው። ሩስያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1870 የተወሰኑ ሠዓሊዎች “ሥዕል የፒተርስበርግ መኳንንት ብቻ ለምን ያየዋል?” ብለው ማኅበር አቋቋሙ። ሥዕላቸውን ጭነው ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ ኪየቭ፣ ካርኮቭ እያሉ ያሳዩ ጀመር። ተጓዦቹ ይባሉ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ሬፒን ነው። ታደሰ መስፍን ሌኒንግራድ የተማሩበት አካዳሚ በዚህ ሰው ስም ነው የሚጠራው። የእኛ መምህራን ከዚያ አገር ዘይት ቀለሙን፣ የሰውነት አካሉን፣ ጥላና ብርሃኑን አምጥተውልናል። ጋሪውን ብቻ እዚያው ተዉት።

ዛሬ ደግሞ ጋሪ አያስፈልግም። ሸራ ከእንጨቱ ተነቅሎ ሲጠቀለል ከአንድ የመጋረጃ ዘንግ አይበልጥም። አሥራ አምስት ሥዕል በአንድ ቱቦ ይመጣል። እንጨቱን እዚሁ ይወጥሩታል፤ አናጢ ሞልቷል። የአዊ አገር ሰው ቀርከሃ ሲሰነጥቅ ያየ ለክፈፍ አይቸገርም። በነገራችን ላይ ዘሪሁን የትምጌታ የሚባለው ታላቅ ሠዓሊ በሸራ ፈንታ የሚሥለው በቀርከሃ ፍልጥ ላይ ነው፤ በዚህም ሥራው ስሙ ከአገር አልፎ ይጠራል። እንጅባራ መንገድ ዳር ቀርከሃውን ወንበርና አልጋ እያደረጉ የሚሸጡት ልጆች ይህን ቢያዩ ምን ያስቡ ነበር እላለሁ። ምናልባት ምንም። ምናልባት ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ ያን ማታ እንቅልፍ አይወስደውም።

እውነቱን እንነጋገር ካልን አንድ ከባድ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልላችን ግጭት ውስጥ ገብቷል። ሰው ሬሳ ለመቅበር በሚቸገርበት መንገድ ሥዕል ጭናችሁ ኑ ማለት ያሳፍራል። እኔም ለዛሬ አላልኩም፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው የምለው። ግን ይህንንም እንደ ማምለጫ አንጠቀምበት። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት መንገዱ ክፍት ነበር። ሠርግ፣ ጥምቀት፣ ዘፋኝ፣ የሰርከስ ቡድን ሁሉ በዚያ አስፋልት አልፏል። ያን ጊዜ የመጣ ሥዕል የታለ?

የባህል ሰዎቻችንም ቢሆኑ ለዚህ ጉዳይ ቦታ የላቸውም። “ባህል” ሲባል ጭፈራ፣ ምግብና ልብስ ነው የሚታያቸው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል የሚያኮራ ነገር ነው፤ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፣ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራን በፈረስ የሚሞላ። የፈረሱን የአንገት ጌጥ፣ የኮርቻውን ቀለም ያየ ሰው እዚህ አገር ዓይን እንዳለ ያውቃል። በዚያ ቀን ግን ሠዓሊ የሚጠራው ለምንድን ነው? መድረኩ ላይ የሚሰቀለውን ጽሑፍ እንዲጽፍ! እሱም ቀርቷል፤ አሁን ባነር ማተሚያ ቤቱ ይሠራዋል። ከአሥር ሺሕ የሚበልጥ ሕዝብ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሳለ፣ ከጎን አንድ ክፍል ውስጥ ፈረስን ዕድሜ ልኩን የሣለ አንድ ሰው ሥራ ቢሰቀል፣ ፈረሰኛው ገብቶ “ይህ ፈረስ ጋላቢውን አይወድም” ብሎ ቢፈርድ፣ የሚጎዳው ማን ነው?

ለምን እንዲህ እንደምንገበገብ ልንገራችሁ። እዚህ ከተማ አንድ ልጅ አውቃለሁ። በትምህርት ቤት ደብተሩ ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ የእናቱን እጅ ሥሎ ነበር፤ ጤፍ ስታበጥር። እጁ ብቻ ነው የተሣለው፤ ጣቶቹ ላይ የነበረው ድካም ግን እስከዛሬ አይረሳኝም። ምን መሆን እንደሚፈልግ ስጠይቀው “ማስታወቂያ ጻፊ” አለኝ። ሠዓሊ የሚባል ሰው በአካል አይቶ አያውቅም፤ የሥዕል ሥራ ማለት ለእሱ የሱቅ በር ነው። የሚያውቀው ትልቁ ቦታ ያ ነበርና ትልቁን ነው የተመኘው። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጁ ኋላ ላይ አንድ የተሣለ አንበሳ አለ፤ የሠራው ራሱ ነው፤ በከተማው ካሉት ሁሉ የሚበልጥ አንበሳ ነው። ተሳፋሪ ግን አንበሳውን አያየውም፤ ከፊት ነው የሚገባው።

ሠዓሊዎች ሆይ፣ እናንተንም አልተዋችሁም። ስንቶቻችሁ ናችሁ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር ወጥታችሁ “የትውልድ ቦታዬ ትዝታ” እያላችሁ የምትሥሉት? ካታሎጋችሁ ሁሉ በእናታችሁ ጎጆና በአያታችሁ ነጠላ የተሞላ ነው። ጥሩ። ያቺ አያት ግን ካታሎጉን ማንበብ አትችልም፤ ሥዕሉንም አላየችም። ስለ እሷ የተጻፈውን የሚያነበው እሷን የማያውቅ ሰው ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ አይነሳችሁም? በዓመት አንድ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ላይ ከዘጋችሁ በኋላ ያልተሸጡትን አሥር ሸራዎች ጠቅልላችሁ ወደ ተወለዳችሁበት ከተማ መምጣት ከሙያ ክብር ያጎድላል? ገዢ የለም፤ እሱን አልዋሻችሁም። አንዲት ሥዕል አትሸጡም። ካርዱን ግን በአማርኛ፣ እዚህ እኛ ዘንድ በአውንጊም ብትጽፉት የሚያነብላችሁ ታገኛላችሁ።

ግንብ ሠርታችሁ ጋለሪ ክፈቱልን እያልኩ አይደለም። ጋለሪ ሠርተን ሪባን ቆርጠን፣ በሦስተኛው ወር የእህል መጋዘን እንደምናደርገው እኔም አውቃለሁ። የምንፈልገው አንድ ክፍል ነው። ክረምት ላይ ባዶውን የሚውል የትምህርት ቤት ክፍል ይበቃል። ግድግዳውን ኖራ እንቀባለን። የሚጠብቅ ሁለት ሰው፣ የሚያስረዳ አንድ ሰው፤ እሱም ራሱ ሠዓሊው ቢሆን ይመረጣል። መክፈቻው ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት አይሁን፤ ያን ጊዜ ገበያተኛው አገሩ ገብቷል። በገበያ ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይሁን። ጫማ ማውለቅ አያስፈልግም፤ ቅርጫትና አህያ ግን ውጭ ይቆያሉ። የክብር እንግዳ አንጠራም፣ ንግግርም የለም። ወይኑንም ተዉት፤ ጠላ በሰፈሩ አለ።